ያዋንን ፍለጋ፦ የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የስልኩ ቅጂና የኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላት ሲፈተሹ

ጎንደር ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ በፋሲል ግቢ እንግዳ የሚያዞር ወይም በትርጓሜ ጉባኤ ቤት የሚውል ሰው አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ያዋን፣ ዮናናውያን፣ ጽርዕ፣ ግሪክ የሚባሉት አንድ ሕዝብ ናቸው ወይስ አራት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አንድ መጽሐፍ ገልጦ የሚገኝ አይደለም። በከተማው በቀላሉ እጅ የሚገቡ ሦስት መሣሪያዎች አሉ፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኅትመት፣ የዚያው ትርጉም በስልክ የሚጫነው ቅጂ፣ እና በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት። እዚህ የተመዘኑት በዚህ በአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የአንድን ጥንታዊ ሕዝብ ስም ከነመነሻው ተከትሎ ለማግኘት ምን ያህል ይጠቅማሉ?

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለመነሻ የስልኩ ቅጂ ይበቃል፤ ነገር ግን ብቻውን ያሳስታል። የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ለማመሳከር ይበልጣል። መዝገበ ቃላቱ ግዕዝ ለሚያነብ ሰው ዋጋ የማይተመንለት ነው፤ አደራደሩን ላልለመደ ግን የተቆለፈ ሣጥን ነው።

መሣሪያውን ለመመዘን ግን የሚፈለገውን ነገር ማወቅ ይቀድማል። ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር ምዕራባዊ ጠረፍና በአጠገቡ ባሉት ደሴቶች ኢዮናውያን የሚባሉ የግሪክ ወገኖች ይኖሩ ነበር። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ 12 ከተሞቻቸውን ይቆጥራል፤ ሚሊጢንና ኤፌሶን፣ ሳሞስና ኪዮስ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20ን ያነበበ ሁሉ ሳያውቀው በኢዮናውያን ጠረፍ ላይ ተጉዟል፤ ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ልኮ ያስጠራው ከሚሊጢን ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ስም በጥንት መልኩ «ኢያዎኔስ» ነበር፤ በመካከሉ የ«ወ» ድምፅ ነበረበት። በቀርጤስ ደሴት በክኖሶስ ቤተ መንግሥት በተገኙት የሸክላ ጽላቶች ላይ «ኢ-ያ-ዎ-ኔ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ኋላ ግን ራሳቸው ግሪኮቹ ይህችን «ወ» ከአፋቸው ጣሏት። ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ኢልያድ በተባለው ግጥሙ 13ኛ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ሲጠራቸው «ኢያኦኔስ» ይላል፤ ቀሚሳቸው የሚጎተት ብሎም ይገልጻቸዋል። በአቴና አንደበት ደግሞ ስሙ ይበልጥ አጥሮ «ኢዮኔስ» ሆነ።

በምሥራቅ ያሉት ሕዝቦች ግን ስሙን የያዙት ከነ«ወ»ው ነው። ዕብራይስጡ በሦስት ፊደል ይጽፈዋል፤ ዮድ፣ ዋው፣ ኑን። በእኛ የፊደል ስም ብንቆጥራቸው የመን፣ ወዌ፣ ነሐስ ናቸው። ያዋን ማለት ይኸው ነው። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ቀዳማዊ በቤሂስቱን ገደል ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ የሚገዛቸውን አገሮች ሲዘረዝር «ያውና» ይላል። ሕንዶች «ያቫና» ብለዋል፤ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ባስጻፈው አዋጅ ግሪካዊውን ንጉሥ አንጥዮኮስን «የዮና ንጉሥ» ይለዋል። ዓረብኛው «ዩናን» ነው። የእኛ «ዮናን»ና «ዮናናውያን» የዓረብኛውን መልክ የያዙ ናቸው፤ ከ13ኛውና ከ14ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ብዙ የግዕዝ መጻሕፍት ከዓረብኛ መተርጎማቸውን ላስታወሰ ሰው ይህ አያስገርምም። እንግዲህ ያዋንና ዮናን ሁለት ስሞች አይደሉም፤ በሁለት መንገድ የመጣ አንድ ስም ነው። ያዋን በዕብራይስጡ መጽሐፍ በኩል፣ ዮናን በዓረቡ በኩል።

የወደቀችው «ወ» ግን ጨርሳ አልጠፋችም። ግሪኮች ፊደሎቻቸውን ለቁጥር ሲጠቀሙ ያችን ፊደል ከንባብ ቢያወጧትም ለ6 አስቀርተዋታል። የግዕዝ አኃዝም የተወሰደው ከግሪክ ፊደላት ነው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ እያለ ይሄዳል፤ ፮ የቆመችው በዚያች በተጣለችው ፊደል ቦታ ነው። ስለዚህ በየትኛውም የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምዕራፍ ፮ የተጻፈበትን ብራና የሚገልጥ ሰው ግሪኮች ከአፋቸው የጣሏትን የ«ያዋን»ን «ወ» ርዝራዥ በዓይኑ ያያል። ይህን ከሦስቱ መሣሪያዎች አንዱም አይነግርም፤ መምህር ግን ለተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሁለት ደቂቃ ሊያሳየው ይችላል።

የአንድ ጠረፍ ሰዎች ስም እንዴት የሕዝቡ ሁሉ ስም ሆነ? ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ፈረንጅ» የሚለው ቃላችን የፍራንኮች ስም ነው፤ በዓረብኛ በኩል መጥቶ ጣሊያኑንም ጀርመኑንም እንግሊዙንም ጠቅልሎ መጥሪያ ሆኗል። ምሥራቁ መጀመሪያ ያገኛቸው ግሪኮች የኢዮንያ መርከበኞችና ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከኋላ የመጣው ሁሉ በነሱ ስም ተጠራ። ምዕራቡ ደግሞ በሌላ በር ገባ። ሮማውያን «ግራይኪ» አሉ፤ «ግሪክ» ከዚያ ነው። አርስጣጣሊስ በዶዶና አካባቢ የነበሩ ሰዎች ቀድሞ «ግራይኮይ» ይባሉ እንደነበር፣ ኋላ ግን «ሄሌኔስ» እንደተባሉ ጽፏል። ዛሬ ራሳቸውን የሚጠሩት ሄሌኔስ፣ አገራቸውንም ሄላስ ብለው ነው። በፋሲል ግቢ እንግዳ የሚያዞር ሰው ከአቴና የመጣ ጎብኚ ቢገጥመው «ግሪክ» የውጭ ሰው ያወጣላቸው ስም መሆኑን ማወቁ ጨዋታውን ያሞቅለታል። ያው ጎብኚ ስለ ትሮያ ጦርነት ካነሣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ በሆሜር ዘንድ ሄሌኔስ የሚባሉት የአኪሌስ ጭፍሮች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አካያውያን፣ አርጎሳውያን፣ ዳናውያን ይባላሉ።

ስሙ ሁልጊዜ የሚያስከብር አልነበረም። ሄሮዶቱስ እንደሚለው በሱ ዘመን አቴናውያንና ሌሎችም ኢዮናውያን መባልን ይሸሹት፣ ያፍሩበትም ነበር። የፋርስ ንጉሥ ግን ለሚያፍረውም ለሚኮራውም አንድ ስም ነበረው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ከስልኩ ቅጂ እንጀምር፤ ነጻ ስለሆነና ኪስ ውስጥ ስላለ ብዙ ሰው የሚነሣው ከዚያ ነው። በመፈለጊያው ላይ «ያዋን» ብለው ሲጽፉ ዘፍጥረት 10፥2 ላይ የያፌት ልጅ ሆኖ ይመጣል፤ ቁጥር 4 ላይ ደግሞ ልጆቹ ይዘረዘራሉ። ከነሱ አንዱ ኪቲም ነው፤ የቆጵሮስ ደሴት ከተማ የነበረችው የኪቲዮን ስም ነው። ቁጥር 5ም «የአሕዛብ ደሴቶች» ይላል። ሰውየው ብቻ ሳይሆን ባሕሩም ደሴቱም እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። እስካሁን መልካም።

ችግሩ የሚጀምረው «ያዋን» ብሎ የፈለገ ሰው ዳንኤልን ሳያገኝ ሲቀር ነው። በዕብራይስጡ ዳንኤል 8፥21፣ 10፥20ና 11፥2 ላይ ያለው ቃል በዘፍጥረት ያለው ያው ያዋን ነው። የ1954ቱ ትርጉም ግን ዘፍጥረት ላይ «ያዋን» ብሎ ትቶት፣ ዳንኤል ላይ «የግሪክ ንጉሥ»፣ «የግሪክ አለቃ» ይለዋል። ተርጓሚዎቹን የሚያስወቅስ አይደለም፤ በዘፍጥረት የሰው ስም ነው፣ በዳንኤል የመንግሥት ስም ነው። ሰብዓ ሊቃናት የሚባለው የግሪክኛው ብሉይም ከ2000 ዓመት በፊት ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ዘፍጥረት ላይ ስሙን እንደ ሰማው ጻፈው፣ ኢሳይያስ 66፥19ና ሕዝቅኤል 27፥13 ላይ ግን ሄላስ አለው። ጉዳቱ በአማርኛው ሁለቱን የሚያገናኝ ምልክት አለመኖሩ ነው። ስልኩም የሚፈልገው ፊደል ነው እንጂ ነገር አይደለም። ስለዚህ ፍለጋው ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት፤ አንዴ «ያዋን»፣ አንዴ «ግሪክ»። ውጤቱም በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ።

ሌሎች ሦስት መሰናክሎች አሉ፤ ሁሉም በፊደላችን ጠባይ የሚመጡ ናቸው። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚል ምርጫ አላቸው። እሱ በርቶ ከሆነ «ግሪክ» ብሎ የፈለገ ሰው «የግሪክ»ን፣ «በግሪክ»ን፣ «ለግሪክ»ን ሁሉ ያጣል፤ አማርኛ መስተዋድዱን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ ነው። ምርጫውን ማጥፋት ነው መፍትሔው። ሁለተኛው በተቃራኒው የሚያጥለቀልቅ ነው፤ ለማሳጠር «ዮና» ብሎ የጻፈ ሰው ዮናስና ዮናታን ይጎርፉበታል፤ መጽሐፈ ሳሙኤል ብቻውን ማያ ገጹን ይሞላዋል። ሙሉውን «ዮናን» መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሚያጠቃውም በስልክ የግዕዝ ጽሑፍ የሚያነበውን ሰው ነው። ጽርዕ የሚለው የግሪክ የግዕዝ ስም በየመጻሕፍቱ አንድ ዓይነት ሆኖ አይጻፍም። ጽርዕ፣ ጽርእ፣ ፅርዕ፣ ፅርእ፤ ለጆሮ አንድ፣ ለስልክ አራት። ስልኩ ጸሎቱ ጸንና ፀሐዩ ፀን፣ አልፋው አንና ዐይኑ ዐን የሚያይ እንደ ሁለት ባዕድ ፊደል ነው። አንዱን ጽፎ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ያየ ሰው ቃሉ በመጽሐፉ የለም ብሎ መደምደም የለበትም፤ አራቱንም ይሞክር። በሁለት ነጥብ ቃላት በተለዩበት የግዕዝ ጽሑፍ ላይ ደግሞ «ንጉሠ ጽርዕ» ብሎ በባዶ ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ ሳይሆን ፡ ስለሆነ አይገጥምም። አንዱን ቃል ብቻ ይጻፉ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ቢሆንም ስልኩ ከ5 ሦስት ተኩል ይገባዋል። ፍጥነቱን ሌላው አይደርስበትም።

የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ፍለጋ አያውቅም፤ ግን ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ ያስይዛል። አንድ ጣት ዘፍጥረት 10 ላይ፣ አንድ ጣት ዳንኤል 8 ላይ አድርጎ ማንበብን የመሰለ ነገር የለም። በእርሳስ ዳር ላይ «ያዋን፦ ዳን. 8፥21 ተመልከት» ብሎ መጻፍ የጎደለውን መገናኛ በአንድ መስመር ይሞላዋል። እርሳሱ ለስላሳ ይሁን፤ ስክሪብቶ በስስ ወረቀት ላይ ወደ ጀርባው ያልፋል። ሐዲስ ኪዳን ላይ ሲደርሱ ሮሜ 1፥16ና ገላትያ 3፥28 ላይ «የግሪክ ሰው» የሚለውን ያሰምሩበት፤ ለቀጣዩ ሥራ ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ሥራ እነዚያኑ ጥቅሶች ከግዕዙ ጋር ማስተያየት ነው፤ የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬም እዚህ ላይ ነው። ዮሐንስ 19፥20 በመስቀሉ ላይ ስለ ተጻፈው ጽሑፍ ሲናገር አማርኛው «በግሪክ» የሚለውን ግዕዙ ጽርዕ ይለዋል፤ ቋንቋውን ነው። ገላትያ 3፥28 ላይ ግን አማርኛው «የግሪክ ሰው» ባለበት ቦታ ግዕዙ ጽርዕ አይልም፤ አረማዊ ይላል። በግሪክኛው የሁለቱ ቃል ሥር አንድ ነው፤ ቋንቋ ሲሆን ጽርዕ፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ሲሆን አረማዊ። አረማዊ ደግሞ በመነሻው የሌላ ሕዝብ ስም ነው፤ የአራም ሰው ማለት ነው። በሶርያ ክርስቲያኖች አፍ ጣዖት አምላኪ ወደ ማለት ዞረ፤ የሶርያው ሐዲስ ኪዳንም በዚሁ ጥቅስ ላይ የሚጠቀመው ይህንኑ ስም ነው። እናም አንድ የግሪክ ሰው በሶርያዊ ስም ተጠርቶ ግዕዝ ውስጥ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ገላትያ ላይ ግሪክ የሚባል ሕዝብ መነሣቱን ከግዕዙ ብቻ ሊደርስበት አይችልም። የጎንደር የሐዲስ ጉባኤ ቤቶች ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል መምህሩ በአንድምታ ፈትቶ ያሳያል። ወረቀት የማይተካው ነገር ነው፤ ወንበር ላይ ያሉ የኔታ ካሉ ጥያቄውን ይዞ መሄድ ከመጽሐፍ ግዢ ይቀድማል።

«ሮም»ን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ፦ በክብረ ነገሥት «ንጉሠ ሮም» የሚባለው የጣሊያኗ ሮም ንጉሥ ሳይሆን የቁስጥንጥንያው ነው፤ ግሪክኛ ተናጋሪው መንግሥት። ስለዚህ ግሪኮችን በግዕዝ መጻሕፍት የሚፈልግ ሰው አምስተኛ ስም በዝርዝሩ ላይ ይጨምር።

መዝገበ ቃላቱ ቀርቷል። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የሚባለው የኪዳነ ወልድ ሥራ በመምህራቸው በክፍለ ጊዮርጊስ የተጀመረ፣ እሳቸው ያስፋፉት፣ ከሞታቸው በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተፈጽሞ የታተመ ነው። ሦስት ትውልድ የደከመበት መጽሐፍ ነው፤ በአክብሮት ነው የምንይዘው። የሚያስቸግረው አደራደሩ ነው። ሀ ለ ሐ መ ብሎ የተማረ ሰው የን በ18ኛ ቦታ ይጠብቃታል፤ ወደ መጨረሻው ገልጦ ይደክማል። መጽሐፉ ግን የሚሄደው በአ በ ገ ደ ነው፤ በዚያ ተራ የ 10ኛ ናት፣ ከጠ ቀጥላ ከከ በፊት። ጸ ደግሞ 18ኛ ናት፣ ከፈ ቀጥላ ከቀ በፊት። አ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ ሐ ጠ የ ከ ለ መ ነ ሠ ዐ ፈ ጸ ቀ ረ ሰ ተ የሚለውን በትንሽ ካርቶን ጽፎ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ዕልባት መያዝ ግማሹን ድካም ያስቀራል። ሌላው ግማሽ ቃላቱ በሥራቸው መቀመጣቸው ነው፤ ዮናናውያን ተብሎ በብዙ ቁጥር አይፈለግም። መጨረሻውን «ውያን» ገፍፎ፣ የነጠላ «ዊ»ንም አንሥቶ፣ ከሚቀረው መነሣት ነው። እንደዚሁም በጸና በፀ፣ በአና በዐ መካከል ጥርጣሬ ካለ ሁለቱንም ቦታ ማየት፤ ኪዳነ ወልድ በፊደል ጥንቃቄ የጠነከሩ ሰው ናቸው፣ በተሳሳተ ፊደል የሄደ ሰው አያገኛቸውም።

በከተማው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ሆኖ የተጠረዘ ቅጂ ስለሆነ ከመክፈል በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ገጽ ቁጥሩን አሥር አሥር እየዘለሉ እስከ መጨረሻ መገልበጥ፤ ኮፒ ሲደረግ ሁለት ገጽ አብሮ ማለፍ የተለመደ ስሕተት ነው፣ የጎደለው ገጽም የሚታወቀው ቃሉ በተፈለገ ዕለት ነው። በመካከለኛው ስፌት በኩል የመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል መቆረጡን ማየት፤ ወፍራም መጽሐፍ በማሽን ላይ በደንብ ስለማይዘረጋ ውስጠኛው ጠርዝ ይጠቁራል፣ የተቆረጠችው ፊደል ደግሞ ዋናዋ የቃሉ መነሻ ልትሆን ትችላለች። በመጨረሻም ትንንሹን ጽሑፍ ወደ ብርሃን አውጥቶ ዕን ከፅ፣ ጽን ከጻ መለየት ይቻል እንደሆነ መሞከር። ካልተለየ ያ ቅጂ ለጽርዕ ፍለጋ አይሆንም፤ ሌላ ቅጂ ይጠይቁ።